ሽማግሌ የገባበት ጡረታ

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እኔው ራሴ ነበርኩ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለዓመታት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጡረታ ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ሚስ ዶና ጠረጴዛዬን፣ ኮምፒውተሬንና የቡና ማሽኑን ካሳየችኝ በኋላ አንድ ፎርም ፊቴ አስቀመጠችና "ይሄ ደግሞ የራስሽ ነው" አለችኝ። ከመምህርነት ወደ መንግሥት ሥራ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚሞላው ፎርም ነው። ከነገ ጀምሬ ለሌላ ሰው ላስረዳው የተቀጠርኩበትን ነገር ያን ቀን ለራሴ ማስረዳት አቃተኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤው ሦስት ጊዜ ሌላ ነገር ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሪላንድ ስታስተምሩ ከደሞዛችሁ እየተቆረጠ የመምህራን ጡረታ ውስጥ ይገባል፤ የሠራችሁት ዓመትም እዚያ ይቆጠራል። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ የመንግሥት ሥራ ስትይዙ ሌላ ጡረታ ይጠብቃችኋል። ያን ጊዜ ከሁለት አንዱን ትመርጣላችሁ። ወይ የመምህራኑን እዚያው ትታችሁ አዲሱን ከዜሮ ትጀምራላችሁ፤ ስታረጁ ከሁለት ቦታ ትንሽ ትንሽ ይመጣላችኋል። ወይ ደግሞ የድሮውን ነቅላችሁ ወደ አዲሱ ታዞራላችሁ፤ ዓመታችሁ ይደመርና ከአንድ ቦታ ጠርቀም ያለ ጡረታ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው ደስ ይላል፤ ግን መዘዝ አለው። ያዞረ ሰው አዲሱ መሥሪያ ቤት አምስት ዓመት ሳይቆይ ከለቀቀ የማስተማር ዘመኑ ከጡረታ ሒሳብ ይጠፋል። ያዋጣው ገንዘብ ይመለስለታል እንጂ ዕድሜ ልኩን በየወሩ የሚመጣው ነገር ቀረበት ማለት ነው። ለመምረጥ ሦስት ወር ይሰጣል። በነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ሐሳብ መቀየር ይቻላል፤ የመጨረሻው ቀን ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ግን የሚሰማችሁ የለም።

እኔ የመምህራኑን እዚያው ተውኩት። ባለቤቴን አማክሬው ነበር። ሊሞዚን ነጂ ነው፤ ከአንድ ኩባንያ ጋር ብቻ ሠርቶ አያውቅም። "ሁለት ቦታ ይሁን፤ አንዱ ጋ ስልክ ባያነሱልሽ ሌላው ጋ ትደውያለሽ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የጡረታ ባለሙያ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የነገረኝ ጥቂት ነው።

ሚስ ዶና ያስተማረችኝ ሕግ አንድ ነው፤ እናስረዳለን እንጂ አንመክርም። ሕጉ ለፈረንጅ ደንበኛ ይሠራል። ፈረንጁ ሁለቱንም ሰምቶ፣ አመስግኖ፣ ወረቀቱን ይዞ ይሄድና በሳምንቱ ሞልቶ ይመጣል። የእኛ ሰው ግን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እሱስ ይሁን፤ እህትሽ ብትሆን ምን ትያት ነበር?" ይላል። እህቴ ነርስ ናት፣ ይሄ አይመለከታትም ብዬ ተገላገልኩ ስል "እናትሽስ ብትሆን?" ብላ የቀጠለች ሴት አለች።

እምቢ ስል ፊቴን ማንበብ ጀመሩ። ከአርሊንግተን የመጣች አንዲት የኪንደርጋርተን መምህርት የመጀመሪያውን ምርጫ ሳስረዳት ቅንድቤ ከፍ አለ ብላ ሁለተኛውን መረጠች። አልበቃ ብሏት ለጓደኞቿ አወራች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሐበሻ ሁሉ ወረቀቱን ትቶ ቅንድቤን ይከታተል ጀመር። ምን ላድርግ፣ ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ሁለቱንም ምርጫ በአንድ ዓይነት ፊት ማስረዳት ተለማመድኩ። ልጄ ሶስና በሩ ላይ ቆማ አይታኝ "ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?" ብላኛለች።

የሥራ ዕቃችን ብዙ አይደለም። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁት ትልልቅ ቁልፍ ያለው ካልኩሌተር፣ ለደንበኛ አንድ ወንበር፣ ፊት ለፊት ዴስኩ ላይ ደግሞ ቀንና ሰዓት የሚመታ አሮጌ ማሽን። ፎርም ተሞላ የሚባለው ማሽኑ ሲመታው ነው። በኋላ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሲሆንም ማሽኑን አላነሣነውም፤ ሚስ ዶና ድምፁን ትወደዋለች። እኔም ከስፔሻሊስት አንድ ወደ ስፔሻሊስት ሁለት፣ ከዚያ ወደ ሲኒየር ያደግሁት ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነው።

መኮንን የመጣው ሲኒየር ከሆንኩ በኋላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል፤ እሱ ኬሚስትሪ፣ እኔ ሒሳብ። ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ ተማሪዎቹ ይወዱታል። ጠባዩ ግን ከርዕሰ መምህር ጋር አይሆንም። አንዱ የክፍሉን ሰዓት ቀየረብኝ፣ ሌላው ስብሰባ ላይ አቋረጠኝ፣ ሌላዋ በኢሜይል ሰላምታ አልሰጠችኝም እያለ ትምህርት ቤት ሲቀያይር ኖሯል። ጡረታው አይነካውም ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ አንድ የጡረታ ሥርዓት ውስጥ ስለሆኑ እሱ ሲኳረፍ ዓመቱ ዝም ብሎ ይቆጠርለታል። በመጨረሻ የሚኳረፈው ርዕሰ መምህር ሲያልቅበት ማስተማሩን ትቶ እኛ ጋ የአካባቢ ጥበቃ ኢንስፔክተር ሆነ።

ቀጠሮው ላይ የመጣው ወስኖ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ካፌዎች ያላማከረው ሰው የለም። ሄርንደን የሚኖር፣ ኤርፖርት የሚሠራ የአጎቱ ልጅ በስልክ ተጠይቋል። ጀርመንታውን ከተማ ያለ የቀድሞ የክፍል ጓደኛው ተጠይቋል። ፀጉሩን የሚቆርጠው ልጅ ሳይቀር ተጠይቆ "ኦል ኢን ዋን ይሻላል" ብሎታል። ሁሉን አዙሮ አንድ ላይ ሊያደርግ ነው። እኔም እንደ ሕጉ አስረዳሁት፤ አምስት ዓመቱን ሁለት ጊዜ ነገርኩት፤ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ መሠረዝ እንደሚቻል ነገርኩት። እሺ፣ እሺ፣ እሺ ይለኛል። ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሴት አንገቱን የሚነቀንቅ ሁሉ እንደማይሰማ ማወቅ ነበረብኝ።

"ሙሉስ ምን አለች?" አልኩት። ሙሉ ሚስቱ ናት፤ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች።

ፊቱ ተለወጠ። "የሺ፣ ይሄ የቤቴ ጉዳይ ነው። አንቺ ፎርምሽን አምጪ።"

አመጣሁለት። ፈረመ፣ ማሽኑ መታው፣ ሄደ። ደህና ዋይም አላለኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ እየነገርኩ እንደ አዲስ ተናደድኩ።

ቀጥሎ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ አብዛኛውን የነገረኝም ራሱ መኮንን ነው፤ አሁን ሲያወራው ይስቃል። ሁለት ወር ያህል እንደቆየ አንድ የክርስትና ግብዣ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ "እኔ ጡረታዬን ነቅዬ አሌክሳንድሪያ አመጣሁት" ብሎ ጉራውን ነፋ። ሙሉ ሳህን ይዛ ከኋላው ቆማለች። ሳህኑን አስቀመጠች፣ ኮቷን ለበሰች፣ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። ምሳ ዕቃውን ግን እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ታቀብለዋለች። ሥራ ቦታ ሲከፍተው ባዶ ነው። ንጹሕ ማንኪያና የተጣጠፈ ናፕኪን ብቻ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንደዚያ አደረገችው፤ እሱም እየከፈተ እየዘጋ ከማሽን ብስኩት ገዝቶ በላ።

ሰውየው ተደናገጠ። መሠረዝ እንደሚቻል ስነግረው እሺ ያለኝ ሌላ ነገር እያሰበ ነበር፤ ጭራሽ አልሰማውም። እሱ የሚያውቀው የተፈረመ አይመለስም የሚለውን ብቻ ነው። እኔንም አስቀይሞኛል። ታዲያ ምን አሰበ መሰላችሁ? ቀጠሮ መያዝ አይደለም፣ ኮል ማድረግ አይደለም፣ ኢሜይል መጻፍ አይደለም። ሽማግሌ ላከብኝ።

ቀኑ የሦስት ወሩ መጨረሻ፣ ዓርብ ነበር። የሥራው ቀን ሊያልቅ ሲቃረብ የፊት ዴስኳ ልጅ ደውላ "ሦስት ጀንትልሜን ይፈልጉሻል፤ አፖይንትመንት የላቸውም፤ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉኝ" አለችኝ። ወጣሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ተሰልፈው ቆመዋል።

ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ጋሽ ተሰማን አሌክሳንድሪያ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ የፓርኪንግ ማናጀር ሆነው ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው የተጣላ ማስታረቅ ነው። ሐጂ እንድሪስ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሱቅ አላቸው፤ ለጋሽ ተሰማ ተግሣጽ እምቢ ያለውን እሳቸው በጨዋታ ያሸንፉታል። ሦስተኛው አቶ ወርቁ ይባላሉ። ዝምተኛ ናቸው፤ ቁጥሩ ሦስት እንዲሞላ ብቻ የመጡ መሰሉኝ።

ጋሽ ተሰማ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። "ልጄ፣ ይቅርታ ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።"

"ምኑን ነው እሺ የምለው፣ ጋሼ?"

"አንቺ እሺ በይን፤ እኛ እንነግርሻለን።"

እኔ በሰው ቢሮ፣ በመንግሥት ባጅ፣ ያላወቅሁትን ነገር እሺ ልል? እምቢ ብዬ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ልመልስ? ጭንቅላቴ ሮጠ። ሦስት ሽማግሌ በሱፍ ከመጣ ጉዳዩ ጋብቻ ነው። ያለችኝ አንድ ሶስና ናት። ግን ልጅሽን ስጪን አላሉም፣ ይቅርታ ነው ያሉት። እንግዲያው ልጅቱ ሳልጠየቅ አግብታ አልቃለች፤ አሁን እኔን ሊያባብሉኝ ነው። እዚያው ቆሜ ስልኬን አውጥቼ "አግብተሻል?" ብዬ ቴክስት አደረግሁላት። "ዋት??" ብላ መለሰችልኝ። ይሄ ደግሞ መልስ አይደለም።

በዚህ መሐል ሚስ ዶና ከቢሮዋ ወጣች። ደግ ሴት ናት፤ አዛውንት ቆሞ ማየት አትችልም። ወንበር አቀረበችላቸው፣ አልተቀመጡም። ሦስት ጠርሙስ ውሃ አመጣች፣ አልነኩም። ሐበሻ ጾም እንደሚያበዛ ከእኔ ሰምታለችና ጾም ላይ ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ተሰማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በትሕትና "ኖ፣ ማዳም። ኢፍ ሺ ሴይ የስ፣ ዊ ድሪንክ" አሏት።

ሚስ ዶና ነጭ ወረቀት መሰለች። ወደ ጥግ ስባኝ በሹክሹክታ "የሺ፣ ይሄ የረሃብ አድማ ነው?" አለችኝ። አይደለም፣ ባህል ነው አልኳት። "ምንድን ነው የሚፈልጉት?" አለች። አላወቅሁም አልኳት። ጥያቄው የማይታወቅ የረሃብ አድማ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ሥራ አይታ አታውቅም። ሮጣ ሴኩሪቲ ጠራች።

ሴኩሪቲው መጣ። የጎንደር ልጅ ነው፤ ታች በር ላይ ሁልጊዜ ሰላም እንባባላለን። ከሊፍቱ እንደወጣ ሦስቱን ሽማግሌዎች አያቸው። ኮፍያውን አወለቀ፣ እጅ ነሣቸው፣ እጆቹን አጣምሮ ከጎናቸው ቆመ። አሁን አራት ሆኑ። ሚስ ዶና እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ወንበሩ ላይ ራሷ ተቀመጠች።

ሐጂ እንድሪስ አዘኑልኝ መሰለኝ። "ተሰማ፣ ልጅቱ ጭንቅ ይዟታል፤ የማን ጉዳይ እንደሆነ እንንገራት እንጂ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "የመኮንን ነገር ነው፣ ልጄ። አስቀይሞሻል፤ ጥፋቱን አምኗል። ፊርማውን ይቅር በዪው" አሉኝ።

ሶስና አላገባችም። መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ቀጥሎ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ቢሮ ሊዘጋ አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረውም። የሚያስፈልገው የእኔ ይቅርታ አይደለም፤ የእሱ ፊርማ ነው። ራሱ መጥቶ ሠርዣለሁ ብሎ ካልፈረመ ሦስት አይደለም ሦስት መቶ ሽማግሌ ቢቆም ዋጋ የለውም።

"የት ነው ያለው?" አልኩ።

"ታች ፓርኪንግ፣ መኪና ውስጥ" አሉ ጋሽ ተሰማ። "በዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። ካልጠራሽው አይመጣም።"

ስንት ሰዓት እዚያ እንደተቀመጠ አልጠየቅሁም። ደወልኩለት፤ ምድር ቤት ነውና ስልኩ አይሠራም። "ይጠራ! ይቅር ብዬዋለሁ! ፊርማውንም፣ ንግግሩንም፣ ሁሉንም!" አልኩ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ከየክፍሉ ብቅ አለ። ሴኩሪቲው ባጁን ይዞ በደረጃ ወረደ። ሽማግሌዎቹ "እግዚአብሔር ይስጥልን"፣ "አላህ ያክብርሽ" ብለው ገና ያኔ ተቀመጡ።

መኮንን ብቻውን አልነበረም። ሙሉም መኪናው ውስጥ ነበረች፤ ለሽማግሌዎቹ ነገሩ ሲያልቅ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብላ ነው የመጣችው። ግን አልታረቁምና ፊት ወንበር አልተቀመጠችም። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ ከኋላ ተቀምጣ ነው የመጣችው። ባሏ እንደ ታክሲ ነጂ ብቻውን ከፊት፤ ሽማግሌዎቹ በሐጂ መኪና። ሴኩሪቲው መስኮቱን ሲያንኳኳ ሁለቱም ወደ ተለያየ ግድግዳ እያዩ ነበር አለኝ።

ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርሱ ያለው ወንበር አንድ ነው። ስንት ዓመት እዚያ ስሠራ የደንበኛ ወንበሬ አንድ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም። መኮንን ሊቀመጥ ሲል ሙሉን አየና ቆመ። እሷም አልተቀመጠችም። ሴኩሪቲው ከፊት ዴስኩ ሌላ ወንበር አንሥቶ አመጣ። ሁለቱም ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተደረደሩ። ሚስ ዶና በሩ ላይ ቆመች፤ የሚባለው ባይገባትም መሄድ አልቻለችም።

የመሠረዣውን ፎርም አወጣሁ። መኮንን ያለ አንድ ቃል ፈረመ። ሮጬ ማሽኑ ላይ አስመታሁት። እንግዲህ የድሮው ጡረታ እዚያው ይቀራል ማለት ነው ብዬ ልዘጋ ስል ሙሉ እጇን አነሣች።

"ቆይ" አለች። "እኔ እኮ ምርጫው ምን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም። አስረጂኝ።"

አስረዳኋት። ኮምፒውተሬን ወደ እሷ አዞርኩት። ቅንድቤን ያዝኩ። ለየብቻ ቢቀሩ ሲያረጁ በየወሩ ምን እንደሚገባ፣ ቢዞር ምን እንደሚገባ፣ እሱ ቀድሞ ቢሞት ለእሷ ምን እንደሚቀር፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው ቢለቅ ምን እንደሚጠፋ በካልኩሌተሬ እየመታሁ አሳየኋት። በጥሞና ሰማች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች፤ ከክርስትናው ወዲህ ያናገረችው ያን ጊዜ ነው።

"እኔ የተናደድኩት በመረጥከው አይደለም። ፀጉር ቆራጭህን ጠይቀህ እኔን ያልጠየቅኸኝ ምነው? እነሱ ስላንተ ምን ያውቃሉ? አለቃህ ሲቆጣህ ቤት መጥተህ ጫማህን ሳታወልቅ 'ለቅቄያለሁ' የምትለው ለእኔ ነው። እዚህም ነገ ብትለቅ የሁለታችንም እርጅና ባዶ ይቀራል። እኔ የምፈራው ይሄን ነው። ብትጠይቀኝ ይሄን እነግርህ ነበር።"

 እኔ ራሴ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ካልኩሌተሩን እየነካካሁ አሳለፍኩት። አምስት ዓመቱን ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ግን ሰውየው ኩርፊያ እንደሚወድ እያወቅሁ ያንን መናገር የእኔ ሥራ አልነበረም። መኮንን አንገቱን ደፍቶ "ልክ ነሽ፤ ጥፋተኛ ነኝ" አለ። ሠላሳ ዓመት ውስጥ ይሄን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው መሰለኝ፣ ሙሉ ሽማግሌዎቹን ዞራ አየቻቸው።

"እንግዲህ ሽማግሌዎች ሰምታችኋል" አለች። "አምስት ዓመት ከቆየ መዞሩ ይሻለናል፤ ቁጥሩን አይቻለሁ። ግን እንደሚቆይ ዋስ ይጥራ።"

መኮንን ዋስ ይሁኑኝ ብሎ ጋሽ ተሰማን አየ። ጋሽ ተሰማ ብዙ ትዳር አስታርቀዋል፤ ለጡረታ ዋስ ሆነው ግን አያውቁም። ሐጂ እንድሪስን አዩ። ሐጂ አቶ ወርቁን አዩ። አቶ ወርቁ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ተሰማና ሐጂ አንድ እርምጃ ቀረብ ብለው መኮንን ከአለቃው ጋር ተኳርፎ ሥራ ቢለቅ ተጠያቂዎቹ ሦስታችን ነን አሉ። ጋሽ ተሰማ የት ነው የምንፈርመው አሉኝ። ፎርሙ ላይ የዋስ መስመር የለም አልኳቸው። እንዴት የመንግሥት ወረቀት የዋስ ቦታ የለውም ብለው በጣም ገረማቸው።

ስለዚህ መኮንን ከሩብ ሰዓት በፊት የሠረዘውን ፎርም፣ ያንኑ፣ እንደገና ሞላ። የምስክር ቦታው ላይ ሙሉ ፈረመች። መብራት የሚያጠፋው ሠራተኛ ከወዲያ ጫፍ እያጠፋ እየመጣ ሳለ ማሽኑ ላይ አስመታሁት። ሚስ ዶና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ አየቻቸው።

"ሠርዞ ያንኑ መረጠ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ተለወጠ?"

"ሚስቱ ተጠየቀች" አልኳት።

 ከዚያ ውሃውን አንሥታ አሁንስ ትጠጣላችሁ ወይ አለቻቸው። ጋሽ ተሰማ አሁን ደግሞ ዋስ ስለሆንን አምስት ዓመቱ ሲሞላ እንጠጣዋለን አሉ። እኔም ተረጎምኩላት። ሚስ ዶና ሦስቱን ጠርሙሶች ወሰደች፣ "ፔንዲንግ"፣ ገና ያላለቀ፣ የሚል ቢጫ ወረቀት ለጠፈችባቸው፣ ካቢኔ ውስጥ ከተተቻቸው። መኪናቸው ከምድር ቤት ሲወጣ መስኮት ላይ ሆኜ አየኋቸው። ሙሉ ፊት ወንበር ተቀምጣለች።

አምስቱ ዓመት ቀላል አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት አለቃው ሪፖርቱን እንደገና ጻፈው ስላለው መኮንን የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ሙሉ ለሐጂ ደወለች። ሐጂ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው ሄዱ፣ የኢንስፔክሽኑ መኪና ውስጥ ገብተው አጠገቡ ተቀመጡ፣ ደብዳቤውን እስኪቀድ ድረስ አብረውት የቆሻሻ ውሃ ቱቦ ሲመረምሩ ዋሉ። በአራተኛው ዓመት ደግሞ ጋሽ ተሰማ ራሳቸው አለቃውን ለማስታረቅ በሱፍ ሄደው ነበር አሉ። አለቃው ውሃ ሲያቀርብላቸው እምቢ ብለው፣ እሱም እንደ ሚስ ዶና ደንግጦ እኛ ቢሮ ደወለ። ሚስ ዶና ስልኩን አነሣችና በእርጋታ "እሺ በላቸው" አለችው።

አምስተኛው ዓመት የሞላ ቀን ሦስቱ ሽማግሌዎች ያለ ቀጠሮ መጡ። የፊት ዴስኳ ልጅ አዲስ ናት፤ ተቀመጡ ስትላቸው ወዲያው ተቀመጡ። መኮንንና ሙሉ ከኋላቸው ገቡ። ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኋቸው፤ ዓመቱ ተደምሯል፣ ከእንግዲህ ቢለቅም ማንም አይነካበትም። ሙሉ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ሚስ ዶና ካቢኔዋን ከፈተች። የድሮዎቹን ጠርሙሶች ጊዜያቸው አልፏል ብላ አስቀድማ ቀይራቸዋለች፤ ቢጫዎቹን ወረቀቶች ግን አዲሶቹ ላይ መልሳ ለጥፋቸዋለች። አንድ በአንድ እየላጠች ሰጠቻቸው። ጠጡ።

አቶ ወርቁ ጠርሙሱን ባንድ ትንፋሽ ጨርሰው አስቀመጡ። በአምስት ዓመት ውስጥ ድምፃቸውን ስሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

"የዚያን ቀን" አሉ፣ "በጣም ጠምቶኝ ነበር።"

በቅርቡ እኔም ጡረታ እወጣለሁ። ጠረጴዛዬን የምትረከበው ልጅ ብዙ ነገር ትቀይራለች፤ ማሽኑንም ታነሣው ይሆናል። ሁለተኛውን ወንበር ግን እንዳታነሣው ነግሬያታለሁ። እናንተም ከሁለቱ ጡረታ የቱ ይሻላል ብትሉኝ ዛሬም አልነግራችሁም፤ ሕጉ ሕግ ነው፣ ቅንድቤም አይንቀሳቀስም። ለመፈረም ስትመጡ አብሯችሁ የሚያረጀውን ሰው ይዛችሁ ኑ። ወንበር አለ።